ለእህቴ የቀዳነው ካሴት

እጣ የማውጣቱን ነገር ወደ ቤታችን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዘመኑ የሰማንያዎቹ ማለቂያ ገደማ ነው። የገና በዓል ሊደርስ ሲል የክፍላችን ኃላፊ መምህርት ስማችንን በብጣሽ ወረቀት ላይ አስጻፉንና በባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ደባልቀው አዞሩት። እያንዳንዳችን አንዳንድ ወረቀት አወጣን። ስሙ ለደረሰን ልጅ ስጦታ ይዘን እንድንመጣ፣ ማን እንደደረሰን ግን ለማንም እንዳንናገር ታዘዝን። እኔ ለደረሰኝ ልጅ አበባ ያለበት ፖስትካርድና እርሳስ ሰጠሁ። ለእኔ ደግሞ አናግሬያት የማላውቅ፣ ከፊት ወንበር የምትቀመጥ ልጅ ክብ የኪስ መስተዋት አመጣችልኝ፤ ጀርባው ላይ የአንዲት የሕንድ ተዋናይት ፎቶ አለበት። መስተዋቱ ደስ አለኝ። ይበልጥ ደስ ያለኝ ግን ያቺ ልጅ እኔ ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ እኔ ስታስብ መክረሟ ነው።

ያን ቀን ራት ላይ ይህንኑ ለቤተሰቡ አወራሁ። ቤተሰቡ አምስት ሰው ነው፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድምና እኔ። አባቴ ገና በጉርምስናው ከወሎ መጥቶ ቦሌ ሚካኤል ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። አጎቴ ታክሲ ይነዳል፣ የሚያድረው ሱቁ ውስጥ ነው። እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። በመካከላችን የተወለዱት ሁለት ልጆች ስላላደጉ እኔን በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች።

ታሪኬን ስጨርስ እናቴ፣ “የገናውን እዚያው ትምህርት ቤት ተዪው፣ የኔ ልጅ” አለችኝ።

አባቴ የጎረሰውን እስኪውጥ ቆየና፣ “ስጦታ መሰጣጣት እኮ በእኛም ሱና ነው” አለ። “ለዒድ እናድርገው።”

የእህቴ እጅ ትሪው ላይ ቀረ። “አባ፣ የምርህን ነው?”

“ምን ያስቀልደኛል?”

አባቴ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ ለሶላት ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል። ከካሴት ሁሉ የሚወደው አንድ የመንዙማ ካሴት ነበር፤ እሱንም የሚሰማው በረመዳን ብቻ ነው። ስለዚህ የተናገረውን ማንም አልረሳበትም። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ካፈጠርን በኋላ፣ አምስት ወረቀት ጽፌ በእሱ ነጭ ኮፍያ ውስጥ ጨመርኩና አዞርኩ። አባቴ የወጣለትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቦ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። እናቴ ያን ወር የሳቀችውን ያህል ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ማን ማን እንደደረሰው ለማወቅ ሁላችንም ስንሰላለል ከረምን።

ስለ እህቴ ትንሽ ልናገር። እህቴ የዘፈን ሰው ነበረች። ድምጿ እንኳን እምብዛም አልነበረም፤ ግን አዲስ ካሴት በወጣ በሳምንቱ ግጥሞቹን ሁሉ በቃሏ ትይዛለች። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነበራት። ቴፑን ታስነሳለች፣ አንድ ስንኝ ትሰማለች፣ ታቆማለች፣ ትጽፋለች፣ ወደኋላ ትመልሳለች። አንዳንዴ ቃሉ አልሰማ ሲላት እኔን ትጠራኝና፣ “ምን አለ? ‘ቀረሁ’ ነው ‘ኮራሁ’?” ትለኛለች፤ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ጆሮዬን ድምጽ ማጉያው ላይ አስጠግቼ እፈርዳለሁ። የገጾቹን ጠርዝ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ሐረግ ትስልበታለች። ካሴቶቹን የሚያመጣው አጎቴ ነው። በዚያ ዘመን ተሳፋሪ ዘፈን ሰምቶ ታክሲ ይመርጥ ስለነበር፣ “ሥራዬ ነው” እያለ ይገዛና መጀመሪያ ለእሷ ያሰማታል።

ቴፑ ያረጀ ነበር። የኤሌክትሪክ ገመዱ ስለተቃጠለ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። ባትሪ ድንጋይ ደግሞ ያለው አባቴ መደርደሪያ ላይ ነው። እህቴ ካሴት የምትመልሰው ድንጋዩን ለመቆጠብ በእስክሪብቶ እያሽከረከረች ነበር፤ ሆኖም ሲያልቅባት አዲስ ታነሳና በቦታው ያለቀውን ታስቀምጥ ነበር። አንድ ደንበኛ የሞተ ባትሪ ገዝቶ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ማንም ያላወቀ ይመስላት ነበር።

የዒድ ዕለት አባቴና አጎቴ ስታዲየም ሰግደው ተመለሱ፣ ምሳ ተበላ፣ ጎረቤቶች መጥተው ሄዱ። ከዚያ በሩን ዘጋንና ስጦታው ወጣ። እናቴ የራሷን አሮጌ ሹራብ ተርትራ ለእኔ በልኬ አዲስ ሠርታልኛለች። እኔ ለአባቴ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የጠለፍኩትን መሐረብ ሰጠሁት። እህቴ ለአጎቴ አንድ ካሴት ሰጠችው። የቀዳችው እሷ ናት፤ ከጎረቤት ሁለተኛ ቴፕ ተውሳ፣ ከስንት ካሴት መርጣ፣ ጠዋት የሚሰማውን በአንዱ ፊት፣ ከሥራ ሲመለስ የሚሰማውን በሌላው ፊት አድርጋ፣ ወረቀቱ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ዝርዝሩን ጽፋበታለች። አጎቴ ካሴቱን አገላብጦ አየና ግንባሯን ሳማት።

የአባቴ ስጦታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ነበር። ለእህቴ አቀበላት። ስትፈታው ስድስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ።

“ከዛሬ ጀምሮ ከመደርደሪያው አታንሺ” አላት። “ስታነሺ አይሽ ነበር እኮ።”

እህቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ጋዜጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አባቴ ግራ ገብቶት እናቴን ያያል።

ለአጎቴ የደረሰችው እናቴ ነበረች። ባዶ እጁን መሆኑን ስናይ ሁላችንም አዘንን። እሱ ግን፣ “እትዬ፣ የእርስዎ ነገ ነው” አላት። በማግስቱ እናቴን፣ እህቴንና እኔን በታክሲው ጭኖ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ወሰደን። እናቴ ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም። ፊልሙ የሕንድ ነበር፤ ባቡር ጣቢያ ላይ ልጇ የጠፋባት እናት ታሪክ ነው። እናቴን ቋንቋው አልከበዳትም። ክፉው ሰውዬ ለሴትዮዋ የሐሰት መንገድ ሲያሳያት፣ “ኧረ አትመኚው እቴ፣ ውሸቱን ነው” አለች ጮክ ብላ። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ሳቁ፤ እህቴ ግን እጇን ይዛ፣ “ልክ ነሽ፣ ውሸቱን ነው” አለቻት። እናቴ ያን ፊልም ለጎረቤት ስትተርክ ዓመቱን ጨረሰች። እየቆየች ሌላ መጨረሻም ሠራችለት።

ክረምት ላይ የማትሪክ ውጤት መጣ። እህቴ አላለፈችም። ቤት ውስጥ የተቆጣት የለም፣ እሷም አላለቀሰችም። መስከረም ውስጥ ግን ጅዳ የምትኖር አንዲት የእናቴ ዘመድ ቪዛ እንደላከችላት ሰማሁ። ለካ ሁሉም ያውቅ ኖሯል።

የሄደች ቀን አጎቴ በታክሲው ወደ ኤርፖርት ወሰደን። ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ አባቴ ግን መንገዱን ሙሉ ረጅም ጉዞ እንደሚሄድ ሰው በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ነበር። እህቴ ቴፑንና ደብተሩን ለእኔ ትታልኝ ነበር። “ቴፑን አሸዋ እንዳይገባበት” አለችኝ በሩ ላይ። ከዚያ ሌላ የተናገረችኝን አላስታውስም። ተመልሰን ግቢያችን ውስጥ ቆመን ሰማይ ሰማይ እናይ ጀመር። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እናቴ፣ “ይሄ ነው?” ትላለች። አጎቴ ሰዓቱን ያይና፣ “ገና ነው እትዬ” ይላታል። በመጨረሻ፣ “አዎ፣ ይሄ ነው” አላት፤ እውነቱን ይሁን ወደ ቤት እንድትገባ ብሎ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እናቴ ልብስ እያጠበችም ቢሆን የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ እጇን ታቆም ነበር።

የዚያ ዓመት ረመዳን ሲገባ እንደ አምናው ወረቀቱን አዘጋጀሁ። አራት ቆርጬ ነበር።

“የእሷንም ጻፊ” አለችኝ እናቴ።

“እትዬ፣ እሷ እኮ የለችም” አለ አጎቴ ቀስ ብሎ።

“የት ሄደች? ሥራ ነው የሄደችው።”

ጻፍኩ። ኮፍያው ሲዞር የእህቴ ስም ለእኔ ወጣ። ለእህቴ ድርሻ እናቴ በእሷ ፈንታ እጇን አስገብታ አንድ ወረቀት አወጣችና ለእኔ ሰጠችኝ፤ ማንበብ ስለማትችል። አባቴ ነበር የደረሳት።

ጅዳ ላለ ሰው ምን ይሰጣል? እዚያ ሁሉ ነገር አለ ይባላል። አጎቴን ሳማክረው፣ “ዘፈን ቅጂላት” አለኝ። “እዚያ የእኛን ዘፈን ከየት ታመጣለች?” ባዶ ካሴት ገዛልኝ። በመጀመሪያው ፊት ከሬዲዮ አዳዲስ ዘፈኖች ቀዳሁላት። አንዳንዱ ላይ አስተዋዋቂው ዘፈኑ ሳያልቅ ይገባብኛል፣ እኔም ተጣድፌ ሳቆም ግማሽ ቃሉ ይቀራል። ሁለተኛውን ፊት ምን እንደማደርገው ሳስብ፣ ለምን እኛ ራሳችን አንናገርበትም አልኩ። የእናቴ ጓደኛ ለዑምራ ልትሄድ ስለነበር በእሷ እጅ ለመላክ የቀረን አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

አጎቴ ቴፑን ታክሲው ውስጥ ወስዶ ከቦሌ መንገድ እስከ ሚካኤል የሄደበትን ቀዳላት። የረዳቱ ጥሪ፣ የበሩ መዘጋት፣ “ወራጅ አለ” የሚሉ ሰዎች፣ መጨረሻ ላይ፣ “ይኸው ደረስሽ፣ ውረጂ” የሚለው የእሱ ድምፅ አለበት። እናቴ ጎረቤቱን አንድ በአንድ ቆጠረችላት፣ ማን እንደወለደ፣ የማን ላም እንደሞተች፣ ማን ቆርቆሮውን እንዳደሰ። ድምጿ መቆራረጥ ሲጀምር አጠፋሁት።

አባቴ ግን እምቢ አለ። “ከብረት ጋር ምን አወራለሁ?” አለ። ሦስት ቀን ለመንኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ጭር ሲል ራሱ ጠራኝና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን አስተካከለ። ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት።

“ዒድ ሙባረክ፣ ልጄ” አለ። ከዚያ ዝም። ካሴቱ ይዞራል። “ደህና ነሽ?” እንደገና ዝም አለ፤ ራሱን ነቀነቀ። “አልሃምዱሊላህ።” አሁንም ዝም። “ሰዎቹ እንዴት ናቸው?”

“አባ፣ ዝም አትበል፣ ካሴቱ እያለቀ ነው” አልኩት በሹክሹክታ።

ዞሮ አየኝ። “ታዲያ እሷስ አትናገርም?”

ተውኩት። እንደዚያው እየጠየቀና እያዳመጠ ቀጠለ። “ብርዱ እንዴት ነው?” ሲላት አጎቴ ከበሩ ላይ፣ “ወንድም ጋሼ፣ ጅዳ ብርድ የለም” አለው፤ ያም ተቀዳ። በመጨረሻ፣ “በይ እንግዲህ፣ እንዳላቆይሽ” ብሎ ተነሳ። እኔ ለእህቴ እጣው አባ እንደደረሳት፣ ያወጣችላትም እማዬ መሆኗን ተናግሬ ካሴቱን ዘጋሁት።

መልሱ ከዒድ በኋላ፣ ወር ሳይሞላ መጣ። በፖስታ ውስጥ አንድ ካሴት ብቻ ነበር፣ ላዩ ላይ “ለአባ” ተብሎ ተጽፎበታል። አባቴ ሱቁን በቀን ዘግቶ ገባ። ሁላችንም ቴፑን ከበን ተቀመጥን።

መጀመሪያ የተሰማው የአባቴ ድምፅ ነው። “ዒድ ሙባረክ፣ ልጄ።”

አጎቴ የተሳሳተ ካሴት የተላከ መስሎት ሊያቆመው እጁን ዘረጋ። ያኔ የእህቴ ድምፅ መጣ። “ዒድ ሙባረክ፣ አባ።”

“ደህና ነሽ?”

“ደህና ነኝ። አንተስ? ጉልበትህን ተሻለህ?”

“አልሃምዱሊላህ።”

የላክንላትን ካሴት በአንድ ቴፕ እያሰማች፣ አባቴ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ መልሷን እየሰጠች በሌላ ቴፕ ቀድታዋለች። ከጀርባዋ የቧንቧ ውኃ ድምፅ አለ፣ አንድ ሕፃን በዐረብኛ ይጣራል። እናቴ አፏን በሻሿ ያዘች። አባቴ ከቴፑ ፊት እንደ ሰው ፊት ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል።

“ሰዎቹ እንዴት ናቸው?” አለ የአባቴ ድምፅ።

እዚህ ላይ መልስ አልመጣም። ውኃው ብቻ ይሰማል። የአባቴ ቀጣዩ ጥያቄ ሊጀምር ሲል፣ “ደህና ናቸው” አለች፤ ድምፆቹ ተደራረቡ። ስለ ብርዱ ሲጠይቃት ሳቀች፣ አጎቴንም መልሳ ተሳደበችው፣ ሁላችንም ሳቅን። አባቴ አልሳቀም።

ሲያልቅ፣ “ያንን መልሺልኝ” አለኝ። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሦስት ጊዜ መለስኩለት። ሦስተኛው ላይ ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ። “ልጄ ደክሟታል” ብሎ ሱቁን ሊከፍት ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደዚያ ያለ ካሴት አልመጣም። ሰው ሲመጣ ልብስና ሽቶ ትልካለች፤ አንዳንዴ አጭር ደብዳቤ። አጎቴም አግብቶ ገርጂ ቤት ተከራየ። ሦስት ሰው ሆነን እጣ ማውጣት ስላሳፈረን ማንም ሳያነሳው ቀረ። እኔ ግጥም ደብተሩ ላይ የተረፉትን ባዶ ገጾች በአዳዲስ ዘፈኖች መሙላት ጀምሬ ነበር፤ ትክክለኛውን ቃል የምጠይቀው ሰው ስለሌለ ብዙው ቦታ በጥያቄ ምልክት የተሞላ ነው።

በሦስተኛ ዓመቷ ለዕረፍት መጣች። ዒዱና ጥምቀቱ አንድ ሰሞን ገጥመው ሰፈሩ በሙሉ ነጭ በነጭ ሆኖ ነበር። ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ይዛለች። ለእናቴ የወርቅ ጉትቻ፣ ለአባቴ ካፖርትና ብርድ ልብስ፣ ለአጎቴ ሚስት ጨርቅ፣ ለእኔ ጫማ፣ ሰዓት፣ ሦስት ቀሚስ፣ ሁለት ካሴት የሚይዝ አዲስ ቴፕ። ክፍሉ በላስቲክና በካርቶን ተሞላ። ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር አገኘ። እኔ ቀሚሶቹን እየለካሁ ደስ ይለኛል፣ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ይከፋኛል። ወፍራለች፣ ቀልታለች፣ ሰው ሲጠራት ፈጥና ትነሳለች። ምግብ ቀርቦ ሁላችንም እስክንጀምር ቆማ ትጠብቃለች። እናቴ፣ “ተቀመጪ እንጂ፣ ቤትሽ ነው” ስትላት ትደነግጣለች።

አንድ ቀን ኬክ ልትጋብዘኝ ቦሌ መንገድ ወጣን። አዳዲስ ካፌዎች ተከፍተው ነበር፤ ውጭ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አብራት የተማረች ልጅ በእግረኛው መንገድ ስታልፍ አየቻትና መጥታ አቀፈቻት። ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ መሆኗን ነገረችን።

“አንቺ፣ የት ጠፋሽ? ስንት ዓመት!” አለቻት።

“እዚሁ ነኝ” አለች እህቴ። “እዚሁ ሰፈር።”

ልጅቷ ቸኩላ ነበር፣ ስልክ ቁጥር ተለዋውጠው ተለያዩ። እህቴ ከኬኩ ትንሽ ቆርሳ ቀመሰች። “ምን ልበላት ታዲያ?” አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ሙዚቃ ቤት ድምጽ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ዘፈን ያሰማል። እህቴ ቆመች። የተረፈውን ኬክ በካርቶን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ዘፈን ነው፤ የሚያልፉት ልጆች እየተቀበሉ ይሄዳሉ። የእሷ ከንፈር አይንቀሳቀስም። ሲያልቅ ወደ ሻጩ ገባችና፣ “እባክህ አንዴ ድገምልኝ” አለችው። እንደገና እስከ መጨረሻው ሰማችው።

“ይሄ መቼ ወጣ?”

“አምና” አልኳት።

“አምና” አለች። ካሴቱን ግን አልገዛችውም።

በሳምንቱ ሄደች። ከዚያም ደጋግማ መጣች፣ ደጋግማ ሄደች። አባቴ ያረፈው እሷ እዚያ እያለች ነው። ጠቅልላ ስትገባ የቦሌ ሚካኤሉ ቤታችን ፈርሶ ነበር። አሁን ሰሚት ትኖራለች፣ ሁለት ልጆች አሏት፤ እኔም ከእሷ አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነኝ። ዒድ በመጣ ቁጥር አብረን እንውላለን፣ ለልጆቹ ስጦታ እንገዛለን። ደህና ነች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣኛለች። እኔ ግን አንዳንድ ቀን እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትናፍቀኛለች።